ከፌስታሉ የሚወጣው ትውልድ

«ሳታዪ አውጪ፣ እማ።»

ሱቃችን ውስጥ ልጄ ፈይዛ የጥቁር ፌስታል አፍ ከፍታ ትይዝልኛለች። ውስጡ ቀይና ነጭ ቦሎቄ እኩል እኩል አለ። እጄን ከትቼ በጭፍን እዘግናለሁ። የበዛው ነጩ ነው።

«እነዚህ ልጆቹ ናቸው» ትለኛለች። «ወላጆቹ አልፈዋል። አሁን ፌስታሉን በልጆቹ ልክ እንሞላዋለን። ነጭ ከበዛ ነጭ ይበዛል።»

ትንሽ ቆይቶ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለቃል ፈተና ይደወልላታል። ለሁለተኛ ዲግሪ መማር የምትፈልገው ይህንኑ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረሰው ነገር በትውልድ ውስጥ እንዴት እንደሚበዛ፣ እንዴት እንደሚጠፋ በሂሳብ ማስላት። ባለፈው ዓመት አንዱ ፈታኝ «አልገባኝም» ሲላት ደንግጣ ቀመር በቀመር ላይ ደረደረችበት። አላለፈችም። ከዘንድሮ ወዲያ ደግሞ ማመልከት አይቻልም።

ስለዚህ ዛሬ እኔ ላይ ትለማመዳለች። ካልገባኝስ?

ለሚቀጥለው ትውልድ ነጩን አብዝታ ቀዩን ስታሳንስ፣ እጄ ሳላስበው ወደ ቀዩ ጆንያ ሄዶ እፍኝ ይጨምራል።

«እማ! ምን አደረግሽ?»

«ምራቂ ነዋ። ልማድ ሆኖብኝ።»

ወደ ኢታንግ ከመሳፈሯ በፊት ጨው ልትገዛ የገባችው ጎረቤታችን ኛኪየር ትስቃለች። «የፈይዛ እናት፣ ለእኔ ምራቂ የለም፤ ለፌስታል ትሰጫለሽ?»

ፈይዛም ትስቃለች። «ከውጭ የሚመጣም አለ፤ እሱ የራሱ ቀመር አለው። አሁን ግን በሩ ዝግ ነው፣ እሺ?» የጨመርኩትን ትለቅማለች። እዘግናለሁ፤ ትሞላለች። ደግሞ እዘግናለሁ። በመጨረሻ እጄ ላይ አንድም ቀይ የለም።

«ገባሽ?»

ልቧ እንዳይሰበር «ገባኝ» ልላት ነው። የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን አቶ ዘርአብሩክ ግን ያልገባው እጁን እንዲያነሳ አስለምደውናል። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል የለየሁት እጄን እያነሳሁ ነው። አነሳለሁ።

«አልገባኝም። ቀዩ ምን አጥፍቶ ነው ያለቀው? ነቅዞ ነው?»

ምነው ባልተናገርኩ እላለሁ። ፈይዛ ግን በርጩማ ስባ አጠገቤ ትቀመጣለች።

«ምንም አላጠፋም፣ እማ። ዕጣ ነው። ጥቂት ሲሆኑ ዕጣ ቶሎ ይጨርሳቸዋል። ጆንያ ሙሉ ቢሆኑና ጆንያ ሙሉ ብታወጪ ግን፣ ለመጥፋት ስንትና ስንት ትውልድ ይፈጅባቸዋል።»

እንደገና እጄን አነሳለሁ። እንደገና ታስረዳኛለች፤ ቀመር ሳትጠራ፣ ፊቷን ሳታጠቁር፣ እስኪገባኝ ድረስ። አልሐምዱሊላህ። እኔ ጭንቀታሟ ይህን ትዕግሥት ከየት አውርሻት ነው?

ስልኩ ይጮሃል። ድምፅ ማጉያው ላይ ታደርገዋለች። ማስረዳት እንደጀመረች አንድ የወንድ ድምፅ ያቋርጣታል።

«ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልገባኝም።»

ኛኪየርን ወደ መናኸሪያ ሊወስድ የመጣው ባጃጅ በር ላይ ያጓራል። ኛኪየር ወጥታ መዳፏን ታነሳበታለች። ባለ ባጃጁ ሞተሩን ያጠፋል።

ሱቁ ውስጥ የልጄ ድምፅ ብቻ ይቀራል። አይቸኩልም።