የጋራ ዜማ ፍለጋ

ጆሮ ውስጥ የምትገባው ማጫወቻ ለየሰዉ የየራሱን ዘፈን መፍጠር ከጀመረች ሃያ ዓመቷ ነው። ከውጭ ተምራ የተመለሰችው አምሳለ ግን የድሮውን የዜማ ማወቂያ ውድድር በቴሌቪዥን ላስነሳ ብላ ተነሣች። ጣቢያው ለሙከራ አንድ ቀን ሰጣት፤ አንድ ዜማ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ካልተገኙ ፕሮግራሙ ይቀራል።

ጥንድ ጥንድ ሆነው ለቀረቡት ተወዳዳሪዎች አርባ ዘፈን አሰማች፤ እናት የምታውቀውን ልጅ አታውቀውም። በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለና ልጃቸው ማኅደር ቀረቡ።

አምሳለ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «እትዬ አስካለ፣ ምስር ሲለቅሙ የሚያንጎራጉሩት አይጠፋም፤ እስቲ እሱን ያሰሙን። ይህንንማ ልጅዎ አታጣውም!» አለች።

ወይዘሮ አስካለ እያፈሩ አንጎራጎሩ። ማኅደር ማጫወቻዋን ከጆሮዋ አውጥታ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«እማዬ፣ አንቺ ታንጎራጉሪያለሽ እንዴ?»

«አብረን እኮ ነው የምንለቅመው» አሉ እናት ቀስ ብለው።

ካሜራ ያዡ፣ «ሌላ ዘፈን ይከፈት?» አለ።

«የምን ሌላ!» አለች አምሳለ፤ መብራቱንም ራሷ አጠፋችው።