በፎዚያ አጥር በኩል

ወይዘሮ አበዛሽ፣ የጥገና ሠራተኛው መለኪያውን ገመዱ ላይ ሲሰካ ዐይናቸውን ከጎረቤታቸው ከፎዚያ በር አልነቀሉም። የኢንተርኔቱ ገመድ በእሷ አጥር ነው የሚያልፈው፤ ኢንተርኔቱ ከደከመ ወዲህ "ጠልፋብኝ ነው" ብለው ለሰፈሩ አውርተው ሰላምታም ነፍገዋት ነበር።

"አጥሩ ጋ ሲግናሉ ሙሉ ነው እናቴ፤ ማንም አልነካውም" አለ ሠራተኛው።

"አንተን ስታይ ለቃው ይሆናላ!"

ሳሎን ገብቶ ሞደሙ የለበሰውን ዳንቴል ገለጠ። ገመዱ እንደ ነጠላ ተጣጥፎ በክር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

"በዚህ ገመድ ኢንተርኔቱን ይዞ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ሲታጠፍ አያልፍም። ማን አሰረው?"

የአዳማ አቧራ እንዳይቅም ብለው አጣጥፈው ያሰሩት ራሳቸው ነበሩ። ክሩ ሲፈታ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

ፎዚያ ከአጥሩ ማዶ ተጣራች፤ "እትዬ አበዛሽ፣ ሌባው ተያዘ?"

"ተይዛለች ልጄ" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "እዚሁ ቤት ናት፤ ነይና ፍረጂባት።"