ያለ ዲስኬት

የወረዳ ጽሕፈት ቤታችን ያለችው ኮምፒውተር አንዲት ናት። እሷም ያለ ማስነሻ ዲስኬት አትነሣም። እንዲህ ያለን የኮምፒውተር ባለሙያችን ነው። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኖ ሲመለስ ዲስኬቷን በገዛ እጁ አዘጋጅቶ፣ በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟት መጣ። ያለ እሷ ኮምፒውተሯን የነካ ሰው እንደሚያቃጥላትም አስጠነቀቀን። ከዚያ ወዲህ አርፍዶ ቢመጣ የሚቆጣው የለም። ዲስኬቷን ሲያስገባ ኃላፊያችን አቶ መንክር እንኳ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።

ባለፈው ሰኞ ባለሙያው ለተዝካር አገሩ ሄደ፤ ዲስኬቷም በኪሱ አብራው ሄደች። በማግስቱ ከዞን አስቸኳይ ሪፖርት ተጠየቀ። ሁላችንም የጨለመውን ስክሪን ከበን እንደ ለቀስተኛ ቆምን።

የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ "ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አሉና ማብሪያዋን ጫን አደረጓት። ኮምፒውተሯ ጢጥ አለች፤ በራች፤ ተነሣች።

"በየጠዋቱ እናንተ እስክትመጡ ካርታ እጫወትባት የለ እንዴ!" አሉ።

አቶ መንክር ዘለው ሶኬቱን ነቀሉ።

"የመንግሥት ንብረት ያለ ዲስኬት በማስነሣታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍባቸው!" ሲሉ አዘዙ።

ጸሐፊዋ የተነቀለውን ገመድ አየት አድርጋ፣ "በምን ልጻፈው ጌታዬ?" አለች።

"ባለሙያው ሲመለስ ትጽፊዋለሽ።"