ወንዱ ተገኝቷል፣ ሴቷ ጠፍታለች

«ይሄማ የሽንኩርት ጎማ ነው» አለች ዘሊካ፣ እንድሪስ ያመጣላትን ጥቁር የመስኖ ጎማ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «ናፍጣ ሲነካው ይልመሰመሳል። ሙሽራዋን መንገድ ላይ ሊያስቀሯት ነው?»

እንድሪስ የሽንኩርት ማሳውን ከሚያጠጣበት ጎማ ቆርጦ መምጣቱ ትልቅ ብልሃት መስሎት ነበር። «ውሃም ይፈሳል፣ ናፍጣም ይፈሳል» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ዘሊካ ግን ቆቦ ላይ የመኪና መለዋወጫ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ክርክር ቁርሷ ነው። ውስጡ ክር ያለበትን ወፍራም የናፍጣ ጎማ ከግድግዳው አውርዳ ዘረጋችለት። ሊያጥፈው ሞከረ። እንቢ አለው። ወደደው።

መኪናዋ ከሱቁ ደጃፍ፣ የኒም ዛፉ ሥር ቆማለች። አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። የነዳጅ ታንኩን ዝገት በልቶት ዓመታት ጓሮ ከርማ፣ ተጎትታ መጥታ፣ ከሱቁ ጎረቤት ያለው በያጅ ዛሬ ጠዋት አዲስ ሠርቶ ገጥሞላታል። የቀረው ታንኩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማና መጋጠሚያ ብቻ ነው። እንድሪስ ልጁ ፈሪሀ ስትወለድ ከሆስፒታል ያመጣት በዚህች መኪና ነው፤ ስትዳርም በዚህችው ካልሆነ ከቤቴ አትወጣም ብሎ ምሏል። ሰርጉ ደግሞ ዛሬ ነው። ሙሽራዋ ከአስፋልቱ ማዶ ፀጉር ቤት ተቀምጣለች፣ ሮቢት ያለው ድንኳን በሰው ሞልቷል፣ የወንድ ወገን ከዋጃ ተነስቷል።

ሌላም የሚከነክነው ነገር ነበር። ሙሽራው ሙህሲን ደህና ልጅ ነው ይሉታል፤ ግን እንድሪስ «እሺ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሲወጣው ሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ሲለምኑ፣ አጎቶቹ ሲናገሩ፣ እሱ ምንጣፉን እያየ ተቀምጦ ነበር። ልጄን የፈለጋት እሱ ነው ወይስ ዘመዶቹ? ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ብቻውን ግን ይፈራ ነበር።

«መጋጠሚያው ወንድና ሴት ነው» አለች ዘሊካ፣ አንድ የነሐስ ቁራጭ እያሳየችው። «ጥርሱ በውጭ በኩል ያለው ወንዱ፣ በውስጥ ያለው ሴቷ። ወንዱ ይኸው። ሴቷን የት እንደጣልኳት እንጃ።» ሳጥኖቹን መገልበጥ ጀመረች።

የእንድሪስ ስልክ ጮኸ። የፈሪሀ አክስት ሀስና ናት፤ ወሬ ሆዷ የማያድር ሴት። ከጎን ያለው ወፍጮ ያጓራል፣ ባጃጆች ይንጫጫሉ።

«ምነው ቀራችሁሳ? ሰዉ እኮ ተቀምጧል» አለች።

«ወንዱ ተገኝቷል» አለ እንድሪስ ጮክ ብሎ። «ሴቷ ናት የጠፋችው።»

«እንዴት ጠፋች?»

«ጠዋት እዚሁ ነበረች ይላሉ። አብሽሪ፣ ካጣናት ከአላማጣ ሌላ እናስመጣለን።»

መስመሩ ተቆረጠ። እንድሪስ ስልኩን ኪሱ ከቶ ሳጥን ያገላብጥ ገባ።

ብዙም ሳይቆዩ አንድ ባጃጅ ኒሙ ሥር ገጭ ብሎ ቆመ። የወረደው ሙህሲን ነው። ሱፉን ለብሷል፣ ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሯል፣ የጫማው ክር መሬት ይጎተታል። ሀስና የሰማችውን ለሚዜዎቹ ደውላ ነግራ አጀቡን ከተማው መግቢያ ላይ አተራምሳዋለች፤ እሱ ከመኪና ዘሎ ወርዶ፣ የአማቱን ላንድክሩዘር እየፈለገ ነው እዚህ የደረሰው።

«አባባ፣ ወዴት ሄደች?» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አስቀይሜያት ከሆነ እግሯ ላይ ወድቄ እለምናታለሁ። ሌላ ግን እንዳታስመጡብኝ። ወላሂ ከአላማጣም፣ ከየትም ሌላ አልፈልግም።»

ዘሊካ ነገሩ ቀድሞ ገባት። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እንድሪስ ግን ልጁ ስለ ነሐሱ የሚያወራ መስሎት «የአላማጣው ምን አለበት፣ ዕቃው አንድ ነው» ሊለው አፉን ሲከፍት ዓይኑን አየው። እንባ አቅርሯል። ያኔ ገባው።

ወዲያው ሊነግረው ይገባ ነበር። ግን ትንሽ መስማት አማረው። «ባትገኝስ?» አለ ኮስተር ብሎ።

«ትገኛለች። ወልድያም ትሁን ሰመራ፣ እሄዳለሁ። እሷን ሳልይዝ ዋጃ አልገባም።»

እንድሪስ ከዚህ በላይ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። ስንት ወር ሲያብሰለስለው የከረመው ነገር ከሳቁ ጋር አብሮ ወጣለት። ከዚህ በፊት እንዲህ ደስ ያለው መቼ እንደሆነ ትዝ አላለውም።

«ይችውና ሴቷ» አለች ዘሊካ፣ ከውሃ መጋጠሚያዎቹ ሳጥን ሥር ያወጣቻትን ነሐስ ሙህሲን መዳፍ ላይ እያኖረች። «የጠፋችው እሷ ናት። ያንተዋ ፀጉር ቤት ናት።»

ሙህሲን ነሐሷን አየ፣ አማቱን አየ፣ ከዚያ እደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«በል ተነስ፣ ወንዱን ያዝልኝ» አለው እንድሪስ። ሙህሲን ሱፉን አውልቆ አብረው መኪናዋ ሥር ገቡ። ሴቷ ወንዱ ላይ ልክክ ብላ ገባች፤ ጎማውን በማጥበቂያ አሰሩት። ከጄሪካን ናፍጣ ሞሉ፣ አየሩን በእጅ ፓምፕ አስወጡ። ላንድክሩዘሯ አንዴ ሳለች፣ ሁለተኛ ሳለችና ተነሳች። አንዲት ጠብታ አልወረደም።

ፈሪሀ ግማሽ ፀጉሯ የተሠራ ግማሹ ያልተሠራ፣ ሻሿን ጣል አድርጋ አስፋልቱን ተሻግራ መጣች። «አክስቴ ደውላ የት ጠፍተሽ ነው ትለኛለች፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁ» አለች። ከዚያ በናፍጣ የጠቆሩትን የሙህሲንን እጆች አየች። «አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሙህሲን አቀረቀረ። «እሺ» አላት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሀስና ናት። «ተገኘች ወይ?»

እንድሪስ ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አያቸው።

«ሴቷማ ከነበረችበት ነች» አላት። «ዛሬ የተገኘው ወንዱ ነው።»