የጫፉ መሐላ

ሰው የማይደርስበትን የዋልታ በረዶ ተራራ ጫፍ እኩል ልንረግጥ፣ ከእጮኛዬ ጋር ተማምለናል። እዚያ የምንጎራረሰውን ዳቦ ቆሎ እናቴ ከባለ ቀይ ጥለት ነጠላዋ ቀድዳ ቋጥራልናለች።

ትናንት መንገድ ላጥና ብሎ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ፣ "ከግማሽ በላይ አልሄድኩም፤ ቋጠሮውም ገደል ገባብኝ" አለኝ። አዘንኩለት።

ዛሬ ጫፉ ሲቀርብ ቁጭ አለ።

"እግሬ እምቢ አለኝ። መሐላችን ነው፣ አብረን እንመለስ የኔ ቆንጆ።"

"እኔ ግማሽ ተራራ ላይ ላለቅስ ነው የመጣሁት? እዚሁ ጠብቀኝ!"

"እንዲህ ትከጂኛለሽ?"

መሐላ አፍራሿ እኔ ነኝ እያልኩ፣ እንባዬ ሽፋሽፍቴ ላይ እየረጋ ብቻዬን ወጣሁ።

ጫፉ ላይ አንድ ዘንግ ተተክሏል። የእናቴ የነጠላ ቁራጭ፣ ከነቀይ ጥለቱ፣ እላዩ ላይ ይውለበለባል።