ለካሲሚሮ የቆሙት ጠበቃ

የሃቫናው መናፈሻ እንደ ወትሮው በቤዝቦል ሙግት ይናጥ ነበር። የዕለቱ ጉዳይ፣ ጡረታ የወጣው ኳስ መቺ ካሲሚሮ ወደ ታላላቅ ተጫዋቾች የክብር አዳራሽ ይግባ አይግባ የሚል ነው።

"ኧረ ይተዉን አባባ!" አለ የአውቶቡስ ሾፌሩ ኦስኒኤል ጣቱን እያወናጨፈ። "ካሲሚሮ ስም ያተረፈው በልፍስፍስ ኳስ ወርዋሪዎች ላይ ነው!"

ከጠዋት ጀምሮ ለካሲሚሮ ሲሟገቱ ድምፃቸው የሰለለው ሽማግሌው ኤሌውቴሪዮ ከአግዳሚው ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ሊዘረጉ ቢሞክሩ ክርናቸው አልቃና አላቸው። ጣቶቻቸው ግን የሌለች ኳስ ጨብጠው አየር ላይ ቆሙ።

"እንዲህ አድርጌ ወረወርኩለት። በዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ ኳስ ወርውሬ አላውቅም። እሱ ግን በዱላው መትቶ ከአጥሩ ማዶ ሰደዳት።"

ተሟጋቾቹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ኳሱ የተመታብዎት እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለ ኦስኒኤል ዓይኑ ፈጦ። "ታዲያ እንዴት ጠበቃው ሆኑ?"

"ምን ላድርግ ልጄ! እሱ ተራ መቺ ከተባለ እኔ ምን ልባል ነው?"

ሰዉ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ኦስኒኤልም ቆቡን አውልቆ፣ "በቃ፣ ይግባ!" አለ።

ኤሌውቴሪዮ ተደላድለው ተቀመጡና፣ "ያም ሆኖ ነፋሱ አግዞታል" ሲሉ አጉረመረሙ።