ኮፒው ሽጉጥ

ሽማግሌው የመሣሪያ ጠጋኝ የሽጉጡን የጥይት ካርታ ያወጣሉ፤ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ባዶ መሆኑን ሁለቴ ያያሉ። ከዚያ ሽጉጡን ጆሮአቸው ሥር አድርገው ይነቀንቁታል። ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ሰሙት አይደል ጋሼ?" ትላለች ሴትዮዋ። "የድሮው ኦርጅናሌ ሽጉጤ እንዲህ አይንቀጫቀጭም ነበር።"

ቀኝ እጇ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነው። ባሏ፣ አናጢው፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ቆቡን ያሽከረክራል።

ኦርጅናሉ ተሸጧል። ባለፈው ዓመት የማተሚያ ማሽን እጇን ይዞ ሁለት ጣቶቿን ሲሰብራቸው ገንዘቡ ለቀዶ ጥገናው ሄደ። ከዚያ በፊት በተኩስ ክለቡ እሷን የሚበልጥ አልነበረም። ጣቶቹ ዳኑ፤ መታጠፍ ግን እምቢ አሉ። ባሏ በቀደም ይህንን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት፤ የድሮ ሽጉጧን ርካሽ ኮፒ። አመሰግናለሁ ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። "ጋሼ ይዩትና፣ ቆርቆሮ ነው ካሉ ትመልሰዋለህ" አለችው።

"መንቀጫቀጩን ተይው" ይላሉ ጋሼ። "ይሄ ሞዴል ዕድሜው ከእኔም ከአባቴም ይበልጣል። ያልገለበጠው ፋብሪካ የለም። እኔ የማየው ድምፁን ሳይሆን፣ ብረቱ ሄዶ ሲመለስ ቦታውን ማግኘቱን ነው።"

አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ይፈቱታል። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው በአንድ ዓይናቸው ወደ ውስጥ ያያሉ።

"ይሄ ንጹሕ ነው።" ያስቀምጡትና ገላውን ያነሳሉ። "ይቺን መስመር አየሻት? ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰበት ናት። ኦርጅናሉ ተቀጥቅጦ ነው የተሠራው። ቢሆንም በአንቺ ዕድሜ አይሰበርም። ቀለሃውን የምታወጣው ጥፍር ግን ለስላሳ ናት፤ እቀይራታለሁ።"

"ታዲያ ቆርቆሮ ነው በሉኛ!"

"እኔ ወጣኝ?"

አውራ ጣታቸው በብረቱ ጠርዝ እየሄደ ድንገት ይቆማል። ይመለሳል። እንደገና ይሄዳል።

"ይሄን ማን ነካው?"

አናጢው ቆቡን ማሽከርከር ያቆማል። "እኔ ነኝ... ብዙም አልነካሁት።"

"ከዚህ ፋብሪካ የሚወጣ ሽጉጥ ጠርዙ እጅ ይልጣል። አውራ ጣቱ እየደማ እዚህ መጥቶ ያልረገመው የለም። ይሄ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ውስጡንስ ነካክተኸዋል?"

"ኧረ በፍጹም! ውስጡ የእርስዎ ነው ብዬ..."

"ተመስገን። ነክተኸው ቢሆን በሞረድህ ነበር የምልህ።"

ጋሼ አሁን እጀታውን ያገላብጣሉ። ፋብሪካው የሚገጥመው ጥቁር ፕላስቲክ የለም፤ ጠይም እንጨት ነው። ባንድ ጎኑ ሳሳ፣ በሌላው ወፈር ይላል፤ መሀሉ ላይ ጎድጉዷል። እሷም አይታዋለች። ርካሽ ስለሆነ የተንጋደደ መስሏት ነበር።

ይገጣጥሙትና "እስቲ እጅሽን" ይላሉ።

ያንን እጅ ሰው ፊት ማውጣት አትወድም። ጋሼ ደግሞ ሽጉጡን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ የሚቸኩሉ አይመስሉም። ታወጣዋለች።

ይገባል። የማይታጠፈው የቀለበት ጣቷ ጎድጓዳው ላይ ይተኛል፤ ትንሿ ጣቷ እንጨቱ ባበጠበት ላይ ታርፋለች። ከአደጋው ወዲህ ማንኪያውም፣ ቁልፉም፣ ማበጠሪያውም ከእጇ ሲያመልጥ ነው የከረመው። ይሄ አያመልጥም። ጨበጥ ታደርገዋለች፣ ላላ ታደርገዋለች፤ እዚያው ነው።

"እጄን መቼ ለካኸው?" ትለዋለች ባሏን።

"ስትተኚ። ሰም አለስልሼ እያስጨበጥኩሽ።"

"እኔ ደግሞ ፍቅር ይዞህ እጄን የምትይዘኝ መስሎኝ!"

"እሱም አለበት" ይላል አናጢው፣ አንገቱን እያከከ።

ጋሼ ሳቃቸውን በሳል ይሸፍናሉ። "እንግዲህ ልንገርሽ። ከፋብሪካ እንደወጣ ብታመጪልኝ፣ ለልምምድ ይሆናል ለውድድር አይሆንም እልሽ ነበር። አሁን ግን ለሌላ ሰው አይረባም። ለአንቺ ደግሞ ኦርጅናሉን ባመጣልሽ እንኳ ይሄን አይተካልሽም።"

ከመሳቢያቸው ሌላ ጥፍር መርጠው ይቀይሩና ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የሙከራ ኮሪደር ይወስዷቸዋል። ጆሮዋን ትሸፍናለች። ትተኩሳለች። እጇ ይዘላል፣ ይመለሳል፤ ጠርዙ አይልጣትም። ጥይቱ ሲያልቅ ሽጉጡን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ ታስቀምጠዋለች።

ጋሼ ወረቀቱን ነቅለው ያመጡታል። አንዷ ቀዳዳ ከክቡ ውጭ ናት፤ የቀሩትም ወደ ታች ወርደው ተበታትነዋል።

"ከእንግዲህ በሽጉጡ አታመካኚ" ይላሉ። "ጥፋቱ የአንቺ ነው። ምላጩን ቀስ ብለሽ በመጫን ፈንታ ነጥቀሽ ትጎትቺዋለሽ፤ ድሮ እንዲህ አታደርጊም ነበር።"

ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ አይዞሽ፣ ምን ታደርጊ፣ እጅሽ ነው ሲላት ከርሟል። ጥፋትሽ ነው ብሎ የተቆጣት የለም። ጋሼን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ብትስማቸው ደስ ባላት። ወደ ባሏ ትዞራለች። ጥፍሮቹ ሥር ቫርኒሽ ደርቋል፤ አመልካች ጣቱን ሞረድ ልጦታል። በየቀኑ አብራው ቁርስ ስትበላ እንዴት እንዳላየችው ይገርማታል።

"እጅህ ይባረክ" ትለዋለች።

"አሜን" ይላል፣ ድምፁ ሳይሰማ።

"ጋሼ፣ ሌላ ወረቀት ይኖራል?"

ጋሼ ሳይመልሱላት አናጢው አዲሱን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስቶ ኮሪደሩ ጫፍ ደርሷል። በእግሩ ጣቶች ቆሞ ይሰቅለዋል። ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ውሃ ልኩን ያያል፤ ተመልሶ አንዱን ጥግ በትንሹ ከፍ ያደርግላታል።